በሮማን ራስ ላይ የቀባሁት ቅቤ

እሁድ፣ የካቲት 3

ስሜን አልጠሩትም። ስድስት ስም ጠርተው ደብተራቸውን ዘጉ። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ፣ እዛው ፊታቸው ቆሜ፣ ፀጉሬ ውሃ እያንጠባጠበ።

መቶ አለቃ ታፈሰን ነው የምለው። ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው መካኒሳ አቦ ከኛ ቤት በታች ይኖራሉ። ቀበሌው ለወጣቶች ስፖርት ብሎ ፈቀደላቸውና በአንድ ሆቴል መዋኛ ውሃ ጠለቃ ያስተምሩናል። አየር የታጨቀበት ቦምቦላ ጀርባ ላይ ይታሰራል፣ የአየር መሳቢያው ጎማ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ሥር ቁጭ ብለሽ ትተነፍሻለሽ። መጀመሪያ ቀን የተነፈስኩ ጊዜ ሳቄ መጥቶ ልታነቅ ነበር።

የፊታችን ቅዳሜ ደብረ ዘይት፣ ሆራ ሐይቅ ላይ ፈተና አለ። ያለፈ ማኅተም ያለበት የጠላቂ ወረቀት ያገኛል። ወረቀት ያለውን ደግሞ ለፋሲካ ምጽዋ ይወስዱታል። ባሕር! ዓሣው ቀለም የነከሩት ነው የሚመስለው ይላሉ።

«የተማሪነት ማስረጃ የሌለው አይፈተንም፣ የቀበሌው ትእዛዝ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ አምና ከዘጠነኛ ወጥቻለሁ። የሒሳብ አስተማሪው ዳስተር ወረወረብኝ፣ መልሼ ወረወርኩለት። የሱ ሳተኝ፣ የኔ አልሳተውም። ሌላ ጥፋት የለብኝም።

ሮማን ግን ተጠራች። ታናሽ እህቴ! አሥረኛ ክፍል ናት። ዋና ያስተማርኳት እኔ፣ መካኒሳ ወንዝ ውስጥ ሆዷን በመዳፌ ደግፌ። እሷ ታለቅስ ነበር፣ እኔ ነበርኩ የምጠልቀው።

«አይዞሽ ምሕረት፣ ያየሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ» አለችኝ።

ትነግረኛለች! ምን ሆኜ ነው የምትነግረኝ፣ አልጋ ላይ የዋልኩ አሮጊት ነኝ?

መቶ አለቃ «ከፈለግሽ ዕቃ እያጠብሽ አብረሽን ሁኚ» አሉ። እምቢ ልል ነበር። አፌ እሺ አለ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ሮማን ያላት፣ እኔ የሌለኝ፦
የተማሪ ወረቀት።
አስተማሪ ሲሰድባት ዝም የሚል አፍ።
እማዬ ስሟን ስትጠራ የምታለሰልሰው ድምፅ። የኔን ስትጠራ «ምሕረት ብዬ ስም ያወጣሁልሽ ምን ነክቶኝ ነው» ትላለች።

እኔ ያለኝ፣ እሷ የሌላት፦
ትንፋሽ። ዛሬ መዋኛው ሥር ከልጆቹ ሁሉ አብልጬ ቆየሁ። መቶ አለቃ ሰዓታቸውን አይተው «አንቺስ ዓሣ ነሽ» አሉ። ደስ አለኝ። ከዛ ዓሣ ወረቀት እንደማይሰጠው ትዝ አለኝ።

ሮማን ዛሬ የትምህርት ቤት ፈተና ነበራትና አልመጣችም። ያመለጣት ነገር አለ። ግርማ የሚባለው ልጅ አፍሮውን ቅባት አጥግቦት መጣ። የዓይንና የአፍንጫ መሸፈኛ መስተዋቱን፣ ማስኩን፣ ሲያደርግ ላስቲኩ ግንባሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ውሃ ሞላበት፣ ሳል በሳል ሆኖ ወጣ። መቶ አለቃ ጮኹ። አንድ ጆሯቸውን ባሕር ስለበላው ሲቆጡ ሰፈር ይሰማል።

«ቅባት ያለበት ራስ ላይ ማስክ አይዝም! ውሃ ይገባል። ውሃ ሲገባ ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ይሮጣል። እንደዛ የሮጠ ሰው ሳንባው ይፈነዳል! ገባችሁ?»

ከዛ ወደኔ ዞረው፣ «ለእህትሽ ንገሪያት።»

«እሺ» አልኩ።

ማታ ሮማን «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለችኝ። «ምንም» አልኩ። ረሳሁት ብዬ ልጽፍ ነበር። ለደብተርም ከዋሸሁ ግን የት ልሄድ ነው?

ሐሙስ፣ የካቲት 7

አክስቴ ከሆሳዕና መጣች። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ። ሰዎች ተሰበሰቡና እማዬ በር ዘግታ በሹክሹክታ ጸለየች። የቀበሌ ጥበቃዎች ከሰሙ «የጴንጤ ስብሰባ ነው» ይላሉ። ለሮማን ፈተና ረጅም ጸሎት። ለኔ «ይቺንም ልብ ስጣት»። አሜን ያሉት ሁሉም ናቸው፣ ሮማን ጭምር። እሷ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ።

ጎረቤታችን እማማ ዘነበች «ሆራ በየዓመቱ ሰው ካልበላ አይጠግብም» ብላ እማዬን አስደነገጠቻት።

ዓርብ፣ የካቲት 8

እጄ አሁንም ይሸታል። በሳሙና ባጥበው ይለቅ ነበር፣ ሳሙና ግን የለም።

እማዬ ጠራችኝ። ቅቤው ጭልፋ ላይ ነው። «ነይ እህትሽን ቀቢያት። የሐይቅ ብርድ አናት ይመታል።»

ሮማን «እማዬ በፈጠረሽ፣ ይሸታል እኮ! ልጆቹ ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ! ቅቤ ያልጠጣ አናት ነፋስ ይገባዋል። ቀቢያት አልኩሽ።»

ሮማን ጉልበቴ መሀል ተቀመጠች፣ ሹሩባዋን ሰጠችኝ። ያኔ ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ይበቃ ነበር፦ በቅቤ ማስክ አይዝም። እማዬም ብትሆን ሰምታ ትተወው ነበር።

ቀባሁት። ከመሀል ጀምሬ፣ በሹሩባው መስመር፣ ወደ ግንባሯ። ሮማን ዓይኗን ጨፈነች። «እጅሽ ደስ ይላል» አለችኝ።

ጨመርኩበት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9



ጠዋት በፒክ አፕ ሄድን። ደብረ ዘይት ስንደርስ ፀሐዩ ከረረ፣ ቅቤው ቀለጠና በሮማን ጆሮ ግንድ ወረደ። በነጠላዋ ጠረገችው። እኔ አየሁ። ሐይቁ ዳር ቦምቦላዋን ሳስርላት አፌን ከፈትኩ፣ እውነት ከፍቼ ነበር። እሷ ቀደመችኝ። «ወረቀቱን ከአባዬ ፎቶ አጠገብ እንሰቅለዋለን» አለች። አባዬ ከሞተ ጀምሮ ከፎቶው አጠገብ ምንም ተሰቅሎ አያውቅም።

አፌን ዘጋሁ።

ከመቶ አለቃ ጋር ወረደች። ፈተናው እታች ማስክ አውልቆ መልሶ ማድረግ ነው። እኔ አረፋውን እያየሁ ዳር ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ቀስ ያለ አረፋ። ከዛ ውሃው እንደተጣደ ድስት ፈላ። ስሟን ጠራሁ። ውሃ ሥር ማን ይሰማል?

ወጡ። መቶ አለቃ ቀበቶዋን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው፣ ቀስ እያሉ ነበር የሚያወጧት። ባይይዟት ሽቅብ ሮጣ ነበር። አፍንጫዋ ይደማል። ማስኩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ዳር እንደደረሱ መቶ አለቃ ራሷን አሸተቱ። «ቅቤ!» ከዛ ወደኔ፣ «ለዚች ልጅ ንገሪያት አላልኩሽም?»

ሮማን አየችኝ። ያኔ ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁት። ጭልፋው፣ እጄ፣ ሁሉም።

«ነግራኛለች» አለች። «የረሳሁት እኔ ነኝ።»

«ተነግሮት የሚረሳ ጠላቂ አይሆንም» አሉና ስሟን ሰረዙት።

እስከ መካኒሳ አላናገረችኝም። ብትሰድበኝ እመልስ ነበር። ብትመታኝ እመታት ነበር። ዝም ላለ ሰው ምን ይደረጋል?

ሰኞ፣ የካቲት 11

ሁለት ቀን ቀናሁ። ስሟ ተሰርዞም ቀናሁባት! አሁን ደግሞ «ነግራኛለች» ባለችው ውሸቷ። እንዴት እንደዛ መሆን ቻለች? እኔ ብሆን ሐይቁን በጩኸት እሞላው ነበር።

ጠዋት ወደ መቶ አለቃ ሄድኩ። ቦኖው አጠገብ እጃቸውን ይታጠባሉ። ውሃ ለመቅዳት የተሰለፈው ሰው ብዛት! እማማ ዘነበች ፊት ላይ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል።

ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። የማይሰማው ጆሮ ነበር።

«ምን?»

«ለሮማን አልነገርኳትም።»

«ጮክ በይ!»

«አልነገርኳትም! ቅቤውን የቀባኋት እኔ ነኝ! አውቄ ነው! ስለቀናሁ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ ወደኔ ዞረ። የእማማ ዘነበች ጀሪካን ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ማንም አልዘጋውም።

መቶ አለቃ የቀረውን ውሃ ከእጃቸው አራገፉ። «ልትገድያት ነበር» አሉ። አሁን አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ሮማን ቅዳሜ እንደገና ትፈተናለች። ለመጨረሻው ፈተና ጓድ ያስፈልጋታል፣ አንድ ጎማ ለሁለት ተፈራርቀው የሚተነፍሱ። ማን እንደሚሆን እሷ ትምረጥ።»

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ በእንጨት ማንኪያ ጀርባዬን አለችኝ። አልሸሸሁም።

ዓርብ፣ የካቲት 15

ከኅብረት ሱቅ የመጣው የወሩ ሳሙና በሮማን ራስ ላይ አለቀ። ሦስቴ አጠብኳት። እማዬ ቆማ እያየች። ከሰኞ ጀምሮ እኔን ከሮማን ጋር ብቻችንን አትተወንም።

«ይሸታል?» አለች ሮማን። ሳምንቱን ሙሉ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል።

አሸተትኩ። «አይሸትም።»

«ማሪያምን በይ?»

«ማሪያምን ብል ታምኛለሽ? በማሪያም ስንምል እማዬ ትቆጣለች። አይሸትም አልኩሽ።»

ትንሽ ሳቀች። ጓዷ ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ግርማ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ማስኩ ያዘ። አውልቃ መለሰችው፣ ውሃውን በአፍንጫዋ ተንፍሳ አስወጣችው፣ ሲያምር! ዳር ሆኜ በጥርሴ ከንፈሬን ነክሼ ነበር፣ ግማሹ ደስታ፣ ግማሹ ሌላ።

ከዛ መቶ አለቃ «ጓድሽ?» አሏት።

«እህቴ» አለች።

ግርማ «ምን?» አለ። እኔም «ምን?» አልኩ። «ወረቀት የላትም እኮ» አለ ግርማ።

«ቀበሌው ስለሚፈተነው ሰው እንጂ ስለ ጓድ አልጻፈም» አሉ መቶ አለቃ። «ግቢ።»

ወረድን። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከዛ ጥቁር ይሆናል። ሮማን ፊት ለፊቴ ተንበረከከች። በትከሻዬ ላይ ያለውን ማሰሪያ ያዘች፣ እኔም የሷን። አየሩ ያለው የሷ ቦምቦላ ላይ ነው። ጎማውን ከአፏ አውጥታ ሰጠችኝ።

አሁን አየር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ሮማን ባዶ አፏን ገጥማ ታየኛለች። ደንቡ ሁለት ትንፋሽ ነው፣ ከዛ መመለስ። አንድ ሳብኩ። ሁለት ሳብኩ። ሦስተኛው አማረኝ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ለክፋት አይደለም፣ እዛ ቦታ መቆየት አማረኝ። የሮማን እጅ ትከሻዬ ላይ ጠበቅ አለ። ዓይኗ ግን አልተንቀሳቀሰም።

መለስኩላት። ሁለት ሳበች፣ መልሳ ሰጠችኝ። ስንቴ እንደተቀባበልን ጠፋኝ።

ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣት። ለኔ ምንም። መቶ አለቃ «የማታ ትምህርት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው» ብቻ አሉኝ። ዳስተር የማይወረውር አስተማሪ ካለ አስባለሁ።

ለፋሲካ ሮማን ምጽዋ ትሄዳለች። እቀናለሁ።

ወረቀቱን ከአባዬ ፎቶ አጠገብ ሰቀልነው። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ጠሟል፣ አላቀናሁትም። ሮማን አየችው። መዶሻውን ተቀብላኝ አስቀመጠች።