ዝም ያለው ፍሬን

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ደረጃ መውጣት መውረዱን ቻለው? የአውቶብሱ መንገድ እንዳላደከመህ፣ ቤትህንም እንደተውከው እንዳገኘኸው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። "ደህና ነኝ" ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ አንተን መዋሸት ስለማልችልበት ተውኩት። ያልደወልኩት ረስቼህ እንዳይመስልህ። አንተ ስልክ ስታነሳ ድምፁን ለግቢው ሁሉ ትለቀዋለህ፤ ይሄ ደግሞ ጎረቤት የሚሰማው ነገር አይደለም።

ቅዳሜ ጠዋት ከብስክሌት ወደቅሁ። አትደንግጥ። የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰንጥቋል፤ ክንዴን በጨርቅ አስረው አንገቴ ላይ አንጠልጥለውልኛል፤ ስድስት ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ቀኝ እጄ ጤነኛ ስለሆነ ይኸው ይጽፍልሃል። አጥንቱስ ይድናል። እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። አባዬ፣ በራሴ አልወደቅሁም፤ ጥለውኝ ነው።

ያቺን ብስክሌት ታውቃታለህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆማ፣ መታጠቢያ ቤት በሄድክ ቁጥር ሆድህን ወደ ውስጥ እየሳብክ አልፈሃታል። "ይቺ ለማን ነው የመጣችው፣ ላንተ ሁለተኛ ሚስት ናት ወይስ ለልጄ ሁለተኛ ባል?" ብለህ ባለቤቴን እንዴት እንዳሳቅከው አልረሳም። ለሌላው ሰው ብስክሌት ናት፣ ለእኔ ግን የሦስት ዓመት ሕልሜ ናት። ዋናውን ብረቷን ያገለገለ ገዝቼ፣ ቀለሙን በገዛ እጄ ልጬ እንደገና ቀባሁት። ቀን ለሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሞርድ ውዬ፣ ቤት ስገባ የጎማዎቿን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየወጠርኩ፣ በጥፍሬ ስነካቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ ድረስ አስተካከልኩ። የፊት ሞላዋን ብቻ ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ። ሌላ ሰው ቤት ይሠራል፣ እኔ እሷን ሠራሁ።

መጨረሻ ላይ የገባላት ፍሬኑ ነው። ጎማው መሀል አንድ ስስ የብረት ሳህን ይሽከረከራል፣ ዲስክ ይባላል፤ ፍሬኑን ስትይዘው ሁለት ትንንሽ ሸራዎች ግራና ቀኝ ይነክሱታል። ቁልቁለት ላይ ነፍስ የሚያተርፈው ያ ንክሻ ነው። አዲስ ስለነበረ ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮህ ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ስይዘው ጆሮህን ትደፍን አልነበር? አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖረህ ሲጢጥ የሚል ነገር አይሆንልህም። "መኪና ከጮኸ ተጠምቷል ማለት ነው" እያልክ፣ በመጣህ በሦስተኛው ቀን የበሩን ማጠፊያ፣ ቁም ሳጥኑን፣ አልጋችንን ሳይቀር ዘይት አጠጥተህ ቤቱን ጸጥ አሰኘኸው። ባለቤቴ "አሁንማ ሌባ ቢገባ በምን እናውቃለን" ብሎ ሲቀልድ፣ ከልቡ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳቁንም ማመን አቅቶኛል።

ቅዳሜ ከፌንጣ ጋር ወጣን። ፌንጣ ድንጋይ ካየች ሳትዘል የማታልፈው ጓደኛዬ ናት፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ከቤት ስነሳ ፍሬኑን ብይዘው ዝም አለ። "በቃ፣ ለመደ" ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝ! ዳገቱን ወጥተን፣ ግራው ድንጋይ ቀኙ ገደል የሆነው ቀጭን መንገድ ላይ ቁልቁል ስንወርድ ሁለቱንም ፍሬን ጨበጥኩ። ምንም የለም። እጀታው እስከ መጨረሻው መጣ፣ ብስክሌቷ ግን ጭራሽ ፍጥነት ጨመረች። ቅቤ የጨበጥኩ ነው የመሰለኝ። ወይ ገደሉ ወይ ድንጋዩ ነበርና ድንጋዩን መረጥኩ።

እሁድ መካኒኩ ጋ ወሰድናት። ፈታትቶ አያትና "ማነው ጠላትሽ?" አለኝ። ሁለቱም ዲስኮች፣ የፊቱም የኋላውም፣ ዘይት ጠጥተዋል። ሸራውን አውጥቶ አስሸተተኝ፤ እንደ ውሃ የጠራ ቀጭን ዘይት ነው፣ እኛ ካቴና ላይ የምናደርገው ወፍራሙ አይደለም። ሽታው አፍንጫዬ አያውቀውም አልልም፤ የት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። ለዲስክ ፍሬን ዘይት መርዙ ነው። ይሄን ትናንት የጀመረ እንኳ ያውቀዋል፤ እኔ ካቴናዋን ስቀባ ዲስኮቹን በፌስታል ጠቅልዬ ነው። ደግሞ ጠብ ብሎ የነካው አይደለም። ዙሪያውን እኩል ተዳርሷል፣ የኮሪደሩ ወለል ላይ አንዲት ጠብታ የለም። የሠራው ሰው ሳይቸኩል፣ ተጠንቅቆ፣ በማይንቀጠቀጥ እጅ ነው የሠራው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? መጀመሪያ መካኒኩን ጠረጠርኩ፤ ገና ከመፈታቷ ዲስኩን ያየው ምን ቢያውቅ ነው? ቀጥሎ ፌንጣን። ሁልጊዜ ከፊት የምትሄድ ልጅ የዚያን ቀን "አንቺ ቅደሚ" ያለችኝ ለምንድነው? ብስክሌቴንም ስታያት ዓይኗ ይንከራተታል። ግን ሁለቱም የቤቴ ቁልፍ የላቸውም። ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው።

እጄ እየከበደኝ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ከሁለት ወር በፊት ጉልበቴ ተልጦ ስገባ "አንቺን ሳትሰብርሽ እኔ ቀድሜ እሰብራታለሁ" ብሎኛል። ሐሙስ ዝናብ ስለነበር በታክሲ ሥራ ሄድኩ፣ ብስክሌቷ ቤት ቀረች፤ እሱም ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ቤት ዋለ። ሥራው ደግሞ የሕንጻ ንድፍ ነው፤ መስመር ሲያሰምር የፀጉር ያህል እንኳ አይስትም። መካኒኩ "ዘይት ነው" ሲል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ወዲህ መሬት መሬት ያያል። "የምታውቀው ነገር አለ?" ስለው "ምኑን?" ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! "አንተ ነህ?" ብዬ ፊት ለፊት ብጠይቀው "አይደለሁም" እንኳ አላለኝም። "እኔ አንቺን እጎዳለሁ ብለሽ ካሰብሽ ምን ልበልሽ" አለኝ። ውጣልኝ አልኩት። ሁለት ሸሚዝ ይዞ እህቱ ቤት ሄደ።

አባዬ፣ ሐሙስ ቀን ቤት የነበራችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። ዓርብ አንተን አሳፈርኩ፣ ቅዳሜ ወደቅሁ። ዓይንህ አሁንም ክር በመርፌ ቀዳዳ ያስገባል። እሱ ከብስክሌቷ አጠገብ ምን ሲያደርግ አየኸው? ላጽናናት ብለህ እንዳትደብቀኝ። ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ይላሉ፤ አንተን ግን በቁምህ አምንሃለሁ። አይቻለሁ ካልከኝ ትዳሬ እዚህ ላይ ያበቃል።

መልስህን ቀን እየቆጠርኩ እጠብቃለሁ። ክፉ አይንካህ።

ልጅህ

* * *

ለምወድህ አባቴ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ትከሻዬ እየጠገነ ነው፤ ማበጠሪያ መያዝ ጀምሬያለሁ። አንተስ እንቅልፍህ ተመለሰ? በእኔ ምክንያት ሌሊቱ ሳትተኛ እንደነጋብህ ፊደሎችህ ይናገራሉ።

ደብዳቤህ ሰኞ ደረሰኝ። እሁድ ከአጎቴ ጋር መኪና ይዛችሁ መጥታችሁ ዕቃዬን ጭናችሁ እንደምትወስዱኝ፣ የባለቤቴንም እጅ ሁለተኛ እንደማትጨብጥ ጽፈሃል። አፈር ስሆን፣ እንዲህ ሆነህ አትምጣ። ይሄንን ዛሬውኑ የምልክልህ ሳትነሳ እንዲደርስህ ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። "ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከብስክሌቱ አጠገብ ቆሞ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ፤ ያኔ አልጠረጠርኩትም" ያልከውን ሳነብ ደሜ ፈላ። በቃ፣ እጅ ከፍንጅ ያዝኩት አልኩ። ወረቀቱን ይዤ እህቱ ቤት ሄድኩና ሰላም እንኳ ሳልል ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። "እውነታቸውን ነው፤ ቆሜ ነበር፣ ፈገግም ብያለሁ" አለ። ምን አይተህ ነው ብለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እህቱ ከጓዳ ወጥታ "ኧረ ተናገር አንተ ሰው፣ ትዳርህ እኮ ነው!" ብላ ጮኸችበት። እሱ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝና "አባትሽን ግን በዚህ ነገር እንዳትጨቀጭቂያቸው" አለኝ። እየተራገምኩ ወጣሁ።

መንገድ ዳር ታክሲ ስጠብቅ ደብዳቤህን እንደገና ገለጥኩት። ጥጉ ላይ የአውራ ጣትህ አሻራ አለ፤ ቀጭን ዘይት ነክቶት ወረቀቱ ብርሃን ያሳልፋል። ስፌት መኪናህ ላይ አስደግፈህ ጽፈኸው ነው አይደል? ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ልጅ ሆኜ ከጠረጴዛህ ሥር ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም የማውቀው ሽታ ነው፣ የአንተ ሽታ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። ናፍቀኸኝ ነው።

እዚያው እንደቆምኩ ሁሉም ነገር ትዝ አለኝ። ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ጩኸቱ ሰልችቶኝ፣ ቸኩዬ፣ ሳላስብ ነው። የጀመረ እንኳ ያውቀዋል ብዬ የጻፍኩልህን እርሳው፤ የተካነም ይሳሳታል። ክፉ ያሰበ ማንም የለም፣ ይሄን በልብህ ያዝልኝ። ባለቤቴ ቆሞ ሁሉንም አይቷል፤ እኔ ስቀባ ማለቴ ነው። እሱ ስለ ብስክሌት የሚያውቀው ጎማው ክብ መሆኑን ብቻ ነው፤ ዘይት ፍሬንን እንደሚገድል በምን ይወቅ? ደግ ነገር የሚሠራ ሰው አየሁ ብሎ ነው ፈገግ ያለው። ነገሩ የገባው መካኒኩ "ዘይት" ሲል ነው። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነጻ ይወጣ ነበር፤ እሷን ቃል ዋጣትና ሦስት ሳምንት የእህቱ ሶፋ ላይ ተኛ። እኔ ደግሞ ያንን ዝምታ በደል ብዬ ቆጠርኩበት። አፍሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ እንዴት እንደሚባል አላውቅም።

ታክሲው ሲመጣ አልተሳፈርኩም። ተመልሼ ደረጃውን ወጣሁ። በሩን ሲከፍት ፊቴን አይቶ እንደገባኝ ገባው። "በይ ተይው፣ ሁለተኛ አይነሳ" አለኝ። ሸሚዞቹን ራሴ አጣጥፌ ቤቱ አመጣሁት።

መካኒኩን ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ሲጠረጠር መክረሙን እንኳ አላወቀም ነበር። ፌንጣ ግን አወቀችብኝ፤ "ኋላ የቀረሁት እኮ ጎማዬ አየር አንሶት ነው፣ አንቺ ተጠራጣሪ" ብላ እስከ ዛሬ ታሾፍብኛለች። ብስክሌቷ አዲስ ሸራ ገብቶላታል። እኔ እስክድን ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ፍሬኑን ያስጮኸዋል። ሲጮህ ደስ ይለዋል። ይሄ ዓይነቱ ፍሬን ጤነኛ የሚሆነው እየጮኸ ነው፤ እንዲሁ እንድታውቀው ብዬ ነው።

መምጣትህን ግን እንድትተው አልፈልግም፤ እሁድ ና። አጎቴንና መኪናውን ተውና ብቻህን ና፣ ባለቤቴ አውቶብስ ጣቢያ ይጠብቅሃል። ከእኔ በፊት እሱን አቅፈህ ሳመው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። እኔ ስጠይቅ ስጠይቅ ቤቴን ላፈርስ ነበር፤ አንተ እንኳ አንድ ጊዜ፣ ልጄ ካለችኝ ብለህ ዝም ብለህ እመነኝ።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ዓይንህን ይጠብቅልኝ። እጅህ ይባረክ፣ አባዬ።

ልጅህ