መርዶው ቡሹሎ እንዴት እንደደረሰ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለታላቅ እህቴ ለሐዳሳ፤

እንደምን ሰነበትሽ ሐዱዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራ ሲበዛብሽ የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ተሻለሽ ወይስ እንደነበረ ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ሐዘን ከገጠመሽ ወዲህ ትንሽ ፋታ ይሰጡሻል ወይ? ምግብ እንኳ በደንብ እንደማትበዪ የአገር ልጆች ነግረውናል። እባክሽ ብዪ። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት በሕይወት አለን፤ ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። አባዬ አለ፣ ትንሹ ወንድማችን ሮቢ አለ፣ እኔም አለሁ፤ ቤቱ ግን ሰው የሌለበት ይመስላል።

በቀደም የላክሽውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። «አንዲት አራስ የእናቷን ሞት ከባዕድ አፍ ስትሰማ እናንተ የት ነበራችሁ? አንተስ ፊልሞን ምን ትሠራ ነበር?» ብለሻል። በድምፅ ልመልስልሽ ሞክሬ ነበር፤ እየጀመርኩ አጠፋሁት። የጎረቤታችን የባለሱቁ ልጅ ሱልጣን ቅዳሜ ወደ ዱባይ ስለሚመለስ ይህን በእሱ እጅ እልክልሻለሁ። አረፍ ብለሽ አንብቢው፤ ከመቆጣትሽ በፊትም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እህታችን ወንጌላዊት ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ የደም ግፊቷ ከፍ ማለቱን ታውቂያለሽ። ቤቷ ከቱላ ወዲያ ገባ ያለ ቦታ ነው፤ ባሏ ደበሌም የጭነት መኪና ስለሚነዳ አብዛኛውን ጊዜ ሞያሌ መንገድ ላይ ነው። ምጥ ቢመጣባት ማን ይደርስላታል ተባለና ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ግቢ ባለው የእናቶች ማቆያ እንድትቆይ ነርሷ መከረቻት። ማቆያው ቤታቸው የራቀ ወይም እንደ እሷ ክትትል የሚያስፈልጋቸው እርጉዞች መውለጃቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አልጋቸው የተቀራረበ ነው። ሌላ ሥራ ስለሌላቸው ሆዳቸውን ታቅፈው ሲያወሩ ይውላሉ።

ወሬያቸውን ብትሰሚው! እማዬ በሕይወት ሳለች አንዳንድ ቀን አብሬያት እሄድ ስለነበር አውቀዋለሁ። ሙሉጌጥ የምትባል አምስተኛ ልጇን ያረገዘች ሴት አለች። ባሏን በስሙ አትጠራውም፤ «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። «ያ ሰውዬ ትናንት ደውሎ ድስቱ የት ነው ይለኛል። አምስት ልጅ የት እንደሚገኝ ሲያውቅ ድስት ጠፋበት!» ትልና ክፍሉን በሳቅ ታናውጠዋለች። ፍቅርተ ደግሞ የመጀመሪያዋ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ምጥ እንዴት እንደሚያም ትጠይቅና መልሱን ላለመስማት ጆሮዋን ትይዛለች። የወንጌላዊትን ሆድ እያዩ አንዷ ሾል ያለ ስለሆነ ወንድ ነው ስትል ሌላዋ ፊቷ ስላበጠ ሴት ናት ትላለች፤ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። እማዬ መሃላቸው ተቀምጣ የፍቅርተን እግር እያሸች «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጌታ ያወጣሻል» ስትላት፣ ሙሉጌጥ ከወዲያ ማዶ «ኧረ እማማ፣ ማርያምንም ይተዉልን እንጂ! ምጥ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ በምን ይታወቃል?» ትላታለች። እማዬም ፓስተር እንዳይሰማት ያህል አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትስቅ ነበር።

የወንጌላዊትን ምግብ በየቀኑ የምታደርሰው እማዬ ነበረች። ነርሷ ጨው ስለከለከለቻት ወጧን ለብቻው በትንሿ ድስት ያለ ጨው ትሠራላት ነበር።

ከዚያ የሆነውን ታውቂያለሽ። ጠዋት ስኳሯ ወጥቶ ወደቀች፤ ከሰዓት በኋላ እማዬ አልነበረችም። ስለዚያ ቀን መጻፍ አልቻልኩም፤ ይለፈኝ።

ከቀብር መልስ ትልልቆቹ ተቀምጠው ተመካከሩ። ወንጌላዊት በሰላም ተገላግላ ሰውነቷ እስኪጠና ድረስ እንዳትሰማ ተወሰነ። ለእርጉዝ መርዶ አይነገርም፤ ይህ የኛ ቤት ደንብ ብቻ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ግፊት ላለባት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። እኔም ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ነገር ግን ምግቡን ማን ያድርስ? አክስቶቻችን ገና ሲያዩዋት ማልቀሳቸው አይቀርም። አባዬ ምንም ባይናገር ፊቱ ይናገራል። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ቀብር ላይ ስላላለቀስኩ ልቡ ጠንካራ ነው ብለዋል። ሐዱዬ፣ ጠንካራ ሆኜ አልነበረም፤ እንባው እምቢ ብሎኝ ነው።

ለወንጌላዊት «እማዬ ዲላ ሄዳለች። አክስቷ በጠና ታመው እያስታመመች ነው፤ ስልኳም ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል» አልኳት። «ሰው መታመሚያ ጊዜ አጥቶ ነው?» ብላ ሳቀች። እንዴት በቀላሉ አመነችኝ! ጥቁር ሸሚዜን እንዳታይ ብዬ ዩኒፎርሜን ለብሼ ነበር የምሄደው። ቅዳሜም ዩኒፎርም፣ እሁድም ዩኒፎርም። ሙሉጌጥ «ይሄ ልጅ በእሁድም የሚማረው ፕሬዚዳንት ሊሆን ነው?» ስትል የማካካሻ ትምህርት አለን ብዬ ዋሸኋት። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ውሸቱ አልነበረም። ሴቶቹ ቀናቸው እየቀረበ ሲመጣ የሚያወሩት ማን እንደሚያርሳቸው ብቻ ሆነ። አንዷ እናቴ ቅቤ አንጥራ ጨርሳለች ትላለች። ፍቅርተ እናቷ ከገጠር ስትመጣ ዶሮ ይዛ ባስ ላይ እንደምትጣላ ትናገራለች። ወንጌላዊት ደግሞ «የእኔ እናት እኮ ከዲላ ስትመለስ ቀጥታ ወደዚህ ነው የምትመጣው። እኔንም ሕፃኑንም አንድ ላይ ነው የምታጥበን፤ ሁለታችንንም ልጅ ነው የምታደርገን» ትላለች። እኔ ያን ጊዜ ምሳ ዕቃ ላጥብ ብዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ቧንቧው ሥር ቆሜ የታጠበውን መልሼ አጥባለሁ።

ስህተታችን የተገለጠው በምግቡ ነው። ለቅሶ የተቀመጠ ቤትን ጎረቤት ነው የሚያበላው። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ይመጣሉ፣ የዕድር ሴቶች ይመጣሉ፣ የሱልጣን እናት ሳትቀር ትልቅ ድስት ይዛ ትመጣ ነበር። አክስታችን ከዚህም ከዚያም ቆንጠር እያደረገች የወንጌላዊትን ምሳ ዕቃ ትሞላልኛለች፤ ከአንዷ ምስር፣ ከሌላዋ ሽሮ፣ ከሌላዋ ጎመን። ስለ ጨው ማናችንም አላሰብንም። ወንጌላዊት መጀመሪያ ቀን ስትቀምስ «ማነው የሠራው? ጨው አለው እኮ» አለች፤ ግን ርቧት ስለነበር በላችው። እንዲህ እያለ ሲሰነብት አንድ ቀን ስደርስ እጇም ፊቷም አብጧል። ነርሷ ግፊቷን ለክታ ተቆጣች፤ «ምንድን ነው የምታበሏት?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሐዘን ልንጠብቃት ብለን በሐዘናችን ምግብ ልንገድላት ነበር።

ስወጣ ሙሉጌጥ ወገቧን ይዛ ቀስ እያለች እስከ በሩ ተከተለችኝ። እየሳቀች አልነበረም። «ፊልሞን፣ ቆይ። በዓመት በዓሉም በሰንበቱም ዩኒፎርም። አንድ ምሳ ዕቃ ውስጥ ደግሞ የሦስት ቤት እጅ። ይህ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው፤ እኔም በልቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። እማማ ናቸው?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አጥሩን ተደገፈች። ከዚያ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠርጋ «እዚህ ማብሰያ አለ፤ የእሷን ያለ ጨው እኔ እሠራላታለሁ። አንተ የምታመጣውን እኛ እንበላዋለን። ና ብቻ፤ መምጣትህን አትተው» አለችኝ።

ለሌሎቹም ሹክ አለቻቸው መሰለኝ፣ በማግስቱ የክፍሉ ወሬ ተለውጦ ጠበቀኝ። አንዷ እናቴ ብላ ስትጀምር ሌላዋ ነጥቃ ወደ ባል ትወስደዋለች። ያ ሰውዬ የማይሠራው ጥፋት አልነበረም፤ ሙሉጌጥ ለወንጌላዊት ስትል በየቀኑ አዲስ ትፈጥርለት ነበር። ፍቅርተ ግን አልቻለችም። ወንጌላዊት እማማ እግርሽን ስታሽልሽ ደስ ይልሽ ነበር አይደል ስትላት እንባዋ ዱብ አለና ጥርሴን አሞኝ ነው አለች። እነዚያ ሴቶች የራሳቸው ጭንቅ አላንስ ብሏቸው የኛንም ተሸከሙልን። ይህን ማንም አልነገረሽም፤ ለዚህ ነው እኔ የምነግርሽ።

ወንጌላዊት በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት፤ ግፊቷም በመድኃኒት ተይዞላት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስደርስ እልልታው አብቅቶ ገንፎው ቀርቧል። ደበሌ መንገድ ላይ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ ከማቆያው መጥተው አልጋዋን ከበዋል። ወንጌላዊት ግን «እናቴ ሳትመጣ አልቀምስም» ብላለች። አክስታችን «ነገ ትመጣለች» አለቻት። ያኔ ወንጌላዊት ፊቷ ተለወጠ። «ነገ ነገ ስትሉኝ ወር ሊሞላ ነው። ዲላ ማለት ባሕር ማዶ ነው? የአክስቷ ሕመም ከእኔ በለጠባት? በቃ፣ ከእንግዲህ ብትመጣም ልጄን አላሳያትም!» አለች።

ሐዱዬ፣ እማዬን ነው እንዲህ ያለቻት። ጨካኝ ያደረግናት እኛ ነን። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። አክስታችን አሁንም «ነገ» ልትል አፏን ስትከፍት ሙሉጌጥ ቀደመቻት። አልጋው ጫፍ ላይ በመከራ ተቀመጠችና ሕፃኗን ለፍቅርተ አስያዘቻት። «ወንጌሌ፣ እኔም ሁለተኛዬን ስወልድ የእናቴን ሞት ደብቀውኝ ነበር። ቀረችብኝ ብዬ ሰደብኳት። በኋላ ስሰማ ከሞቷ ይልቅ ስድቤ ነው ያንገበገበኝ፤ እስከ ዛሬም አለ። አንቺ እንዲህ አትሁኚ። እማማ አልቀሩብሽም። እማማ አርፈዋል» አለቻት።

አክስታችን ጮኸች፤ «ምን አገባሽ አንቺ!» አለች። ሙሉጌጥ ግን ወንጌላዊትን አቅፋ ያዘቻት። የወንጌላዊትን ጩኸት አልነግርሽም፤ የሰማሁት እኔ ልያዘው። ሌሎቹ እርጉዞች አንዷ እግሯን፣ አንዷ ጀርባዋን ይዘው አብረዋት አለቀሱ። ነርሷ ሮጣ መጥታ ግፊቷን ደጋግማ ለካች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክፉ ነገር አልደረሰባትም።

ልቅሶው ሲበርድ «ፊልሞንን ጥሩልኝ» አለች። ልትመታኝ ነው ብዬ ገባሁ፤ ብትመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። «በየቀኑ እየመጣህ አብረኸኝ ስትስቅ የነበረው ይህን ይዘህ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «አንተስ ከማን ጋር አለቀስክ?» አለችኝ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ ፊቴን ብርድ ልብሷ ላይ አደረግሁ፤ ከዚያ እምቢ ያለኝ እንባ ሁሉ መጣ። አራሷ እህቴ፣ ከሰዓታት በፊት የወለደችው፣ እሷው እያለቀሰች ራሴን ትዳብሰኝ ነበር። ገንፎውንም በኋላ ሁለታችን ከአንድ ሳህን ቀመስን።

የሆነው ይህ ነው። ደንቡ በወጉ ሽማግሌዎችና ፓስተር ባሉበት እንዲነገራት እንደነበር አውቃለሁ። አክስታችን እስከ ዛሬ ሙሉጌጥን አልማረቻትም፤ አንቺም ባዕድ ብለሻታል። እኔ ግን እማዬ ብትኖር ይቺን ሴት አመስግኚ እንጂ አትቆጪ የምትልሽ ይመስለኛል። ሙሉጌጥ ባለፈው ሳምንት ወንድ ልጅ ወልዳለች። እሁድ ከደበሌና ከሮቢ ጋር ልንጠይቃት ቱላ እንሄዳለን። ባትወጂ እንኳ አንቺንም ወክዬ እንኳን ማርያም ማረችሽ እላታለሁ፤ እንደ እሷ አባባል። ለወንጌላዊት ስትደውዪ ማን ነገረሽ ብለሽ አትጀምሪባት። የምታወራው ስለ እማዬ ነው፤ ዝም ብለሽ ስሚያት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። እዚያ በሰው ቤት፣ በሰው አገር፣ ሥራ ሳታቋርጪ፣ አንቺስ ከማን ጋር አለቀስሽ? ካልሆነልሽ እኔ አለሁ። አይዞሽ አልልሽም፤ አብሬሽ አለቅሳለሁ።

አባዬ ሽበሺ ልጄን ሳምልኝ ብሎሻል፤ ጺሙን ትናንት ተላጭቷል። ሮቢ በክፍሉ ሦስተኛ መውጣቱን ንገራት ብሎኛል። ወንጌላዊትና ደበሌ ከነልጃቸው በናፍቆት ሰላም ይሉሻል፤ ስም ገና አልወጣላትም። አክስታችንም ብትቆጣም ትወድሻለች፤ በርትተሽ ጸልዪ ብላሻለች። የሱልጣን እናት የላከችልሽን በርበሬ ከደብዳቤው ጋር ተቀበዪ። የአገር ልጆችን ሁሉ፣ መርዶው ሲደርስሽ አጠገብሽ የነበሩትን በተለይ፣ ስለ እኛ አመስግኚልን።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ
ፊልሞን ሽበሺ

ሐዋሳ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.