የዘር ባቄላው ትምህርት

ይመርዬ፣ የአበባ አባት፤

ከሄድክ ሦስት ክረምት ወጣ። ዘንድሮ ዝናቡ አላሳፈረንም፤ ባቄላውም ተወቅቶ ጎታ ገብቷል። ንጉሡ ወርደዋል። መሬት ላራሹ ተብሎ መካነ ሰላም ሲጨፈር ዋለ፤ ለእኔም ቁራሽ ደርሶኛል። አንተ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። እኔ ግን ሰው ካለቀ በኋላ የመጣ ነገር ብዙም ደስ አላለኝም። ዘማች ተማሪዎቹ ፊደል አስቆጥረውኝ ይኸው በገዛ እጄ እጽፍልሃለሁ።

በዚያ ክፉ የረሃብ ዘመን የሂሳብ ትምህርትህን መጀመሪያ የምትሞክረው በእኔ ነበር። ላልተማረች ሚስቴ ከገባት ለተማሪዎቼም ይገባቸዋል ትል ነበር። ካልገባኝ ትተወውና በማግስቱ ሌላ አድርገህ ትመጣለህ። መደቡ ላይ ባቄላ ደርድረህ፣ ይሄ ሲነሳ ስንት ይቀራል እያልክ ታደርቀኛለህ። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ባቄላው ግን የዘር ነበር። እንኳን ሰው አይጥ እንዳይነካብኝ ብዬ የጎታውን አፍ በጭቃ መርጌው ነበር፤ አንተ ፈነቀልከው።

መጀመሪያ ለመቁጠሪያ ብለህ ወሰድክ። ልጆቹ ቆጥረው ሳይጨርሱ ጥሬውን ቆረጣጠሙት። እየሳቅህ ገብተህ ነገርከኝና ወዲያው ሳቅህ ጠፋ። በማግስቱ ጠጠር ይዘህ ሄድክ፤ ማን ይቁጠርልህ! አንገታቸውን ደፍተው ተኙ። ከዚያ ትምህርቱን ገለበጥከው። መደመሩን ትተህ ከመቀነስ ጀመርክ፤ ባቄላው ተቆልቶ ይታደላል፣ እየበሉ የቀረውን ይናገራሉ። አሁንም ሂሳቡ አልገጥም አለህ። የበሉት ጥቂት ነው፣ እጃቸው ላይ ግን ምንም የለም። ማስተማሩን አላወቅሁበትም ብለህ ስንቴ ለወጥከው! ፍሬውን ስታበዛና ስታሳንስ ከረምክ። ለካ ለታናናሾቻቸው በልብሳቸው ጫፍ እየቋጠሩ ነው። ያወቅህ ዕለት ቤት ገብተህ አለቀስክ። ከዚያ በኋላ ማካፈል ማስተማር ጀመርክ፤ እቤታችሁ ስንት ናችሁ እያልክ በቤተሰባቸው ቁጥር ታድል ጀመር።

ጎታው ባዶውን ቀረ። ምን ልንዘራ ነው ብዬ ስጮህ፣ አብሽሪ፣ እግዜር ያውቃል ትለኝ ነበር። እግዜርማ ያውቅ ነበር፤ ያላወቅከው አንተ ነህ። የራስህንም ቁርስ ለእነሱ እየያዝክ ስትሄድ ሰውነትህ አለቀ። ተስቦው ሲገባ የሚመክት ሥጋ አልነበረህም። ዝናቡ መጥቶ ጎረቤት ሲዘራ እኔ ሐዘን ተቀምጬ ነበር፤ ባልቀመጥስ ምን እዘራ ነበር? አበባን አዝዬ አቀስታ እህቴ ደጅ ወደቅሁ። ያን ዓመት የሰው ፊት እያየን በላን።

አሁን በአንተ ቦታ ልጅ እግር መምህር ከደሴ መጥቷል። ያችኑ ያንተን ትምህርት ከሰው ሰምቶ ሲያስተምር፣ ከአውራጃ የመጡ ሰዎች አይተው አመሰገኑ አሉ። እሱን እኮ ነው ያመሰገኑት! ስምህን ያነሳ አንድ ሰው የለም።

ትናንት አበባ፣ ለሂሳብ አንድ አንድ እፍኝ ባቄላ ይዛችሁ ኑ ተባልን ብላ መጣች። ደሜ ፈላ። ጎታው ሙሉ ነው፣ ቢሆንም እጄ እምቢ አለኝ። ከደጅ ጠጠር ለቅሜ ሰጠኋት። እሷ ጠግባ ነው የምታድረው፣ ጠጠሩንም ትቆጥረዋለች።

አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር እያለች ትጠይቀኛለች። እኔ እያለሁ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም፣ ይመርዬ። ጎበዝ አስተማሪ እንደነበርክ ስነግራት እኖራለሁ። ለሰፈሩ ሁሉ ስታካፍል የገዛ ልጅህን መቁጠር እንደረሳህ ግን አልነግራትም። እሱን ለአንተ ብቻ ነው የምናገረው።