የመጨረሻውን ወንበር ማን አየው?

ለተከበሩ ወይዘሮ ሎርና ዴትማን
የ«ጸጥታ ጥግ» የመርሳት ሕሙማን መኖሪያ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎት ወይዘሮ ሎርና፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ግቢዎ ሣር የለመለመ፣ እንቅልፍዎ እንደ ሁለተኛው ፎቅዎ ጸጥ ያለ፣ የማስታወስ ችሎታዎም ቢያንስ እስከዚህ ደብዳቤ መጨረሻ የሚያደርስዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ስለሆነ በቤተሰባችን ስብሰባ ድምፅ፣ በእርስዎ ቢሮ ደግሞ ወንበር አልተሰጠኝም። የከተማችን ጋዜጣ ግን ከጠፉ ድመቶች ማስታወቂያ አጠገብ ይህችን ቦታ ስለለገሰኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ደፈርኩ።

የማርዴል ስኮገን የልጅ ልጅ ነኝ። ማርዴልን መቼም ያውቋታል፤ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ያህል ቢጫውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች፣ በእሷ አውቶቡስ ያልተመላለሰ ጎልማሳ ቢፈለግ የማይገኝላት ሴት ናት። በሰኔ መጀመሪያ ወደ እርስዎ ቤት ያስገባናት እኛ ነን። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ማለትም ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ዕለት፣ ጓሮ ወደሌለውና መስኮቱ ወደማይከፈተው ሁለተኛ ፎቅ ሊያወጧት የወሰኑት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ምክንያቱ «ሌሎች ነዋሪዎችን ለማምለጥ ማነሣሣት» መሆኑን በስልክ ሲነግሩን እናቴ «እሺ፣ እናመሰግናለን» ብላለች። እናቴ የጥርስ ሐኪም ጤነኛውን ጥርስ ቢነቅልባትም «እናመሰግናለን» የምትል ሰው ስለሆነች፣ እባክዎ ይህንን እንደ ስምምነት አይቁጠሩት። ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ አመጣጧ። «መሰናበት ያስለቅሳል፤ ሌላ ነገር ስትይዝ ቀስ ብላችሁ ውጡ» ብለው ስለሰጡን ጥበብ የተሞላበት ምክር ቤተሰቤን ወክዬ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት እኛ የሚኒሶታ ሰዎች እራት በልተን ለመለያየት አንድ ጊዜ በሩ ላይ፣ አንድ ጊዜ በረንዳው ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ መኪናው መስኮት ላይ ካልቆምን የተሰናበትን አይመስለንም። አጎቴ ዌይን እንኳ ሞተሩን አስነሥቶ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ ስለያዘው ዓሣ ርዝመት እያወራ ነዳጅ የሚጨርስ ሰው ነው። በዚያ ቀን ግን ይኸው አጎቴ የእንጆሪ አይስክሬም አስይዟት፣ እርስዎ የበሩን የመክፈቻ ቁጥር ነክተውልን፣ ሁላችንም በእግር ጣታችን እየተራመድን እንደ ዶሮ ሌባ ወጣን። እኔ በመስታወቱ ዞር ብዬ አየሁ። ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ እኛ ተቀምጠንባቸው የነበሩትን ባዶ ወንበሮች በጣቷ እየጠቆመች ትቆጥር ነበር።

፪ኛ፦ ስለ ውሸቱ። «ሁላችሁም አንድ ዓይነት ነገር ንገሯት» ብለውን ስለነበር ታላላቆቼ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበው ውሸት መረጡ። አክስቴ ጆሊን «ቤቷ እየተቀባ ነው እንበላት» አለች። አጎቴ «መርከብ ላይ ሽርሽር ነሽ እንበላት» አለ። እናቴ «ዌይን፣ መስኮቱ ላይ ላሞች እያዩዋት?» አለችው። በመጨረሻ «ለበጋው ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትመለሻለሽ» የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። መቼም ለአውቶቡስ ሾፌር ከዚህ የተሻለ ውሸት አይገኝም፤ በበጋ ሥራ የለም፣ መስከረም ሲጠባ አለ። እኔ ከማቀዝቀዣው ጎን ቆሜ «ሲከፈትስ?» ብዬ ስጠይቅ አጎቴ «አንቺ ልጅ፣ እስከዚያ ትረሳዋለች! የገባችው ለዚያ አይደል?» አለኝ። እርስዎም ያንኑ በተሻለ ቋንቋ ነግረውናል።

ሳትረሳው በመቅረቷ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስሜን ረስታዋለች፤ አንዳንዴ እናቴን፣ አንዳንዴም ሞታ የተቀበረች እህቷን እሆናለሁ። ዛሬ ሐሙስ ይሁን እሑድ አታውቅም። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ባለፈው ሳምንት ልምምድ ጀምሮ የከበሮው ድምፅ በአጥርዎ ላይ ተሻግሮ ሲመጣ፣ ቀና ብላ «ከበሮው ከተመታ ትምህርት ቤት ሊከፈት ቀርቧል ማለት ነው። ጃኬቴን አምጪልኝ» አለችኝ። ነሐሴን እንድትረሳ ከፈለጉ ከበሮውን ማስቆም ነበረብዎት፤ የሜፕል ዛፉንም ቢሆን ቅጠሉን እንዳያቀላ ቢያስጠነቅቁት ጥሩ ነበር።

፫ኛ፦ ስለ ፌርማታው። በጓሮዎ አግዳሚ ወንበርና የአውቶቡስ ምልክት ያለው፣ አውቶቡስ ግን ፈጽሞ የማይመጣበት ፌርማታ ማቆምዎ ድንቅ ሐሳብ ነው። ወደ ቤቴ ልሂድ ብሎ የሚያስቸግር ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ይጠብቃል፣ ምን እንደሚጠብቅ ይረሳል፣ ከዚያ ሾርባው ደረሰ ተብሎ ይጠራል። ለብዙዎቹ መልካም ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ለአውቶቡስ ሾፌር ግን የማይመጣ አውቶቡስ እንዲያጽናናት መጠበቅ፣ ዓሣ አጥማጅን በግድግዳ ላይ በተሳለ ሐይቅ እንደማጽናናት ነው። ጥቂት ቀን ታገሰችው። ከዚያ «ማነው ይሄ ሾፌር? ሕፃናት ፀሐይ ላይ አስቁሞ የት ነው የሚዞረው? ይባረር!» ብላ ሥራውን ራሷ ተረከበች። አጫጭሮቹን ከፊት፣ ተንኮለኞቹን አጠገቧ አስቀመጠች። ጡረተኛውን ዳኛ ሚስተር ኦልስትሩምን «አንተ! መግፋት የለም!» ብላ ስትቆጣው፣ ዳኛው እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጸጥ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ተንከባካቢዎችዎ እንደነገሩኝ በዚህ በጋ እንደዚያ ፌርማታ ጠብ የማይነሣበት ቦታ በቤትዎ አልነበረም። ለሾርባ ሲጠሩ ሁሉም ይነሣሉ፤ እሷ ግን ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ሳታይ አትገባም።

፬ኛ፦ ስለ ታላቁ ማምለጥ። የቤትዎ ሚኒባስ ሾፌር በሩን ከፍቶ፣ ቁልፉን ሰክቶ፣ ዶናት ሊያመጣ ገብቶ እንደነበር በእርስዎ ማብራሪያ ውስጥ ስላልሰማሁ፣ ጨዋነትዎ ሰው እንዳያሳጡ ከልክሎዎት ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። አያቴ የፌርማታውን ሰዎች ይዛ በተከፈተው የጓሮ በር ወጣች፣ ሚኒባሱን ዞራ አየች፣ አሳፈረቻቸው፣ የእያንዳንዱን ቀበቶ አሰረች፣ መሪው ላይም ተቀመጠች። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ነርሷ እየሮጠች ስትደርስ ሚኒባሱ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ነርሷ «ማርዴል፣ ወዴት ልትሄዱ ነው?» ስትላት፣ አያቴ በመስኮቱ ብቅ ብላ «የትም! ሃርላን መጸዳጃ ቤት ነው። ሃርላን ሳይመጣ አንሄድም» አለቻት፤ ሃርላን ከፌርማታው ሰዎች አንዱ ነው።

እርስዎ ይህንን ማምለጥ ብለውታል። እኔ በሰኔ ወር ከቤትዎ ሲያመልጡ ያየኋቸው ሰዎች ሌሎች ናቸው፤ እነሱም ከመሄዳቸው በፊት ማን እንደቀረ አልጠየቁም። አደጋ ነበር ካሉ አልከራከርዎትም፤ ነገር ግን ቁልፉን የተወው ሰው ዛሬም እየነዳ፣ አንድ ሰው ስለጎደለ ብላ ያልነዳችው አያቴ ሊቆለፍባት ነው።

፭ኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ካሮት ስለገባበት፣ ጄሎ ስለሚባለው አረንጓዴ የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ ነው። ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

የተከበሩ ወይዘሮ ሎርና፣ ቤቴ ልውሰዳት አልልዎትም። በሚያዝያ ምድጃ ለኩሳ ወጥታ ሐይቁ ዳር የተገኘች ጊዜ ጭሱን የሸተትኩት እኔ ነኝ፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን በሯ ላይ ወንበር አድርጋ ስታድር አይቻለሁ። እርስዎ ጋ መሆን እንዳለባት ከአጎቴ ዓሣ በቀር ሁላችንም እናውቃለን። የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ጓሮውን አይውሰዱባት፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚቆጠር ሰው የለም። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ያስገቡኝ። ጃኬቷን ለብሳ ፌርማታው ላይ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፤ ያኔ «ለበጋው ብቻ ነው» ያላት ቤተሰብ አንድ ሰው እንኳ መላክ አለበት። ታላላቆቼ ሥራ አለን ብለዋል። እኔ ደግሞ ትምህርት አለኝ፤ ግን ለትምህርት ቤቱ «አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር» ብዬ እጽፋለሁ፤ እውነት ነውና። እቤት እንደማትመለስ እነግራታለሁ። ታለቅሳለች፣ አለቅሳለሁ። ምናልባት እስከ ምሳ ትረሳው ይሆናል፤ እንደገና ከጠየቀችኝ እንደገና እነግራታለሁ። ከዚያ በሩ ላይ፣ በረንዳው ላይ፣ መስታወቱም ላይ ቆሜ፣ እንደ ሰው ተሰናብቼያት እሄዳለሁ።

በበሩ ቁጥር፣ በማይመጣው አውቶቡስና ዶናት በሚያመጣው ሾፌር ላይ ሥልጣንዎ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ፤ እኔ ተሰናብቼ ነው የምሄደው።

ታዛዥዎ (እስከ ማክሰኞ)
ሊኔያ ስኮገን

ማስታወሻ፦ ከአግዳሚው ሥር ምን እንደምትፈልግ ባለፈው እሑድ ጠየቅኳት። «ኋላ ወንበር ላይ የምትተኛ አንዲት ትንሽ ልጅ አለች። በረዶ ነው፤ ከተረሳች ትሞትብኛለች» አለችኝ። እናቴን ስጠይቃት ታሪኩን ነገረችኝ። አንድ ጥር፣ አያቴ መስመሯን ጨርሳ አውቶቡሱን ካቆመች በኋላ፣ እንደ ልማዷ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዳ ስታይ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ተኝታ አገኘች፤ በኮቷም ጠቅልላ እስከ ቤቷ ወሰደቻት። እናቴ የልጅቷን ስም ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ አያቴ ግን ፌርማታው ላይ ጮክ ብላ ትጠራዋለች። በየቀኑ ከሾርባ በፊት፣ ጎንበስ ብላ፣ «ሎርና? ሎርና፣ እዚህ ነሽ?» ትላለች።