የአምስቱ ደብተሮች ልክነት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ መርሳ

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ውጤት ለምን እንደወደቀ አይቼ እንድጽፍ ስለጠየቀኝ፣ ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ። በአንዲት ጎበዝ ተማሪ መሪነት የሚያጠኑ የአምስት ልጆችን ደብተር አየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። መሪዋን ትቼ ዳር ላይ የተቀመጠችውን ዘሐራን ወደ ሰሌዳ ጠራኋት።

«እማማ፣ እኔ እኮ ከመሪያችን ደብተር ገልባጭ ነኝ» አለች። ክፍሉ ሳቀ።

እኛ ወልድያ ስንማር መምህራችን ወደ ሰሌዳ የሚጠሩት ያልገባውን ነበር። ማካፈል አቅቶኝ ጠመኔ ይዤ ያለቀስኩበት ቀን ዛሬም ይናፍቀኛል። እስኪገባኝ አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ።

በእረፍት ሰዓት የክፍሉ የሒሳብ መምህር፣ ገና ወጣት ነው፣ ተከተለኝ። «እትዬ፣ ሁሉም ችለዋል ብዬ ሪፖርት ልኬአለሁ። ምን ብለው ሊጽፉብኝ ነው?»

ዝም ብል ዘሐራ ፈተና ላይ ብቻዋን ናት። ስሙን ትቼ ያየሁትን ጻፍኩ። ግን በዚያ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍልን ሒሳብ የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው።