ስድስት ሰው ለአንዲት ታንኳ

ጳጉሜን 3

ስሜ አለ። አራተኛ ነኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መስከረም 2፣ ለአብዮት በዓል፣ ደንዲ ሐይቅ ላይ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር። በአንድ ታንኳ፦ ገበሬ፣ ሴት፣ ወጣት፣ መምህር፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ቀበሌ። መምህሩ እኔ።

ዋና አልችልም። የጠየቀኝም የለም።

ጳጉሜን 4

ከአምቦ በጭነት መኪና ለልምምድ ወሰዱን። ታንኳዋ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ጠባብ ነገር ናት። ባለቤቷ ኦቦ ቶሎሳ ሰው ሲያሻግሩ የሸበቱ ናቸው፤ ገበሬውን የሚወክሉትም እሳቸው። ቆጠሩንና ሳቁ።

«ሦስት ሰው ነው የምትችለው። አራተኛው ዓሣ ከሆነ ይምጣ።»

የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ግርማ አልሳቁም። «ሁሉም ማኅበር መወከል አለበት። ማን ይቅር? ሴቷ? ወጣቱ?»

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ዝናብ መጣ። ሣር ላይ ተደርድረን ተቀምጠን አየር ቀዘፍን።

ጳጉሜን 5

ታንኳዋ ለምትቀባው ቀይ ቀለም ከደመወዛችን ቆረጡ። እሱ ቀላሉ ነው።

ካፖርት አልለብስም፤ ውኃ ይጠጣል። ጫማ? ባዶ እግር። አሞኛል ብልስ? ባለፈው ሰልፍ አሞኛል ያለው ባልደረባዬ ሦስት ቀን ቢሮ እየተጠራ ተጠይቋል።

ባለቤቴ ጫልቱ፣ «አልችልም በላቸው እንጂ! ምላስ የለህም?» አለችኝ።

«አሻጥር ነው ይሉኛል።»

«ሬሳህንስ ምን ይሉታል?»

መስከረም 1

የዓመት በዓሉን ወጥ አልጨረስኩም። ጫልቱ ሳህኑን አነሳችው።

መስከረም 2፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

መኪናው ላይ ነኝ። ወደ አምቦ እየተመለስን ነው።

ጠዋት ሕዝቡ ዳር ላይ ቆሟል። ኦቦ ቶሎሳ መቅዘፊያቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። «በእኛ አገር፣» አሉ፣ «ታንኳ ላይ ሰው ያበዛ ሰው ራሱ ከፊት ይቀመጣል። ጓድ ሊቀመንበር፣ ይግቡ።»

ሰው ሁሉ ያያል። ጓድ ግርማ ገቡ። ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ፤ መሐል ተቀመጥኩ። ታንኳዋ ሰመጥ አለች። ከጠርዟ እስከ ውኃው አራት ጣት ቀረ። ቀጣይዋ ሴትዮ አንድ እግሯን ስታነሳ ጓድ ግርማ ወደ ውኃው ተመለከቱ።

«ይበቃል» አሉ። «ሌሎቹ… ከዳር ሆነው በመንፈስ ይወከላሉ።»

እኔን ውረድ ያለኝ የለም። ፊሽካ ተነፋ።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ጓድ ግርማ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በቀስታ፣ «መምህር፣ ዋና ትችላለህ?» አሉኝ።

አራት ቀን ሙሉ ያልተናገርኩት ቃል ወጣ። «አልችልም።»

የታንኳዋን ጠርዝ ጨበጡ። ከዚያ፣ «እኔም።»

«አነስ፣ በርሲሳ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ ከኋላዬ። እኔም፣ መምህር ማለታቸው ነው። «ታንኳ እያለኝ ውኃ ውስጥ ምን ልሠራ ልግባ?»

ከዚያ በኋላ የተወዳደረ የለም። እንቁላል እንደተሸከመ ሰው በቀስታ ቀዘፍን። ከሁሉም መጨረሻ ደረስን፤ ጓድ ግርማ ከሁሉም ቀድመው ወረዱ።