አያት አልዋስም ያለ ሙሽራ

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምቱ ሲገባ ሕመሙ ተነሳብዎ ወይስ ዘንድሮ ተወት አደረገዎ? እማዬስ ደህና ናት? ዓይኗን ታከመች? ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አማን ነው? ዝናቡስ ጣለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ የአጎቴ የኑሪ ሱቅ ውዬ እገባለሁ። ስለ ራሴ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ወሬው ሳይቀድመኝ አይቀርም፤ በኮምቦልቻ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው አፉን ዘግቶ አይገባም። ቢሆንም ከኔ ይስሙት ብዬ ነው የጻፍኩት። ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ኒካሄ ታሰረ። ያገባሁት እርስዎ እንቢ ያሉትን ሙደሲርን ነው። እባክዎ ቢላል እያነበበልዎ እዚህ ላይ ሲደርስ በቃ አይበሉት፤ እስከ መጨረሻው ያንብብልዎ።

ሙደሲርን አያውቁትም፤ እርስዎ ዘንድ የደረሰው ዘሩ ብቻ ነው። መሳለሚያ አካባቢ በርና መስኮት የሚበይድባት ጠባብ ቤት አለችው። የአጎቴን ሱቅ በር የሠራው እሱ ነው። በሩ አልገጥም አለ እያለ ሲመላለስ ነው የተዋወቅነው፤ አሁን ሳስበው በሩስ መጀመሪያውኑ ገጥሞ ነበር።

በአምናው መውሊድ አጎቴ ግቢ ድንኳን ተጥሎ መንዙማ ያለው ሙደሲር ነበር። ግጥሙ የራሱ ነው። ጌታችን ሰውን ሲያበጅ ለአንዱ ከወርቅ ለአንዱ ከከሰል አልቆረሰም፣ ሁሉንም ካንድ ጭቃ አቦካው የሚል ነበር። አጎቴ በጋቢው ጫፍ እንባውን ይጠርጋል። ሽማግሌዎቹ አላህ ይጨምርልህ እያሉ ትከሻውን ይስሙታል። የዚያን ቀን ማን ነህ፣ የማን ዘር ነህ ያለው ሰው የለም።

እኔን ሊጠይቅ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አባቱ ስለሞቱ አጥንቱን ራሱ ይቁጠር፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያቶቹን ይንገረን ተባለ። አጎቴ ኑሪ የባለ እጅ ልጅ መሆኑን ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ለብቻው ጠርቶ መከረው። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ስማ ልጄ፣ እኛ አገር ዘራቸው ያለቀ ደጋግ ሰዎች ነበሩ፣ ስማቸውን አስጠናሃለሁ፣ እነሱን ትቆጥራለህ፣ ሁሉም ስለሞቱ የሚከራከርህ የለም አለው። በክፋት አይደለም አባዬ። መርካቶ ኖሮ ኖሮ ኦርጅናል ሲጠፋ ፎርጅድ ፈልጎ መስጠት ለሱ ደግነት ሆኗል።

ሙደሲር አመስግኖት ወጣ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡ ቀን ግን ቆመና የራሱን ቆጠረ። አባቴ ዑመር፣ ማጭድ ይሠራ ነበር። አያቴ እንድሪስ፣ ማረሻ ይሠራ ነበር። እንዲህ እያለ እስከ ሰባተኛው ወረደ፤ የአንዱንም ሙያ አላስቀረም። መንዙማውን ያለበት ድምፅ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። ትከሻውን የሳሙት ሰዎች መሬት መሬት ያዩ ጀመር። አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ እንዲያው ዝም ብትል ምን ነበረበት ልጄ አሉት። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ጓዳ ሆኜ ያንኑ ነበር የምለው። በኋላ ስቆጣው፣ አያቶቼን ጥዬ አንቺን ባገኝ ልጆቻችን በማን ስም ይጠሩ አለኝ።

ከዚያ ጉዳዩ እርስዎ ዘንድ ተላከና መልስዎ በመንገደኛ አፍ መጣ። አጥንቴን ከቀጥቃጭ አልቀላቅልም፣ ካገባችው አልወለድኳትም ብለዋል አሉኝ። ከአንደበትዎ ባልሰማውም የእርስዎ አነጋገር እንደሆነ አውቄዋለሁ። ያን ቀን ጣቃ ጨርቅ ስለካ ዋልኩ። አላለቀስኩም። የአጎቴ ሚስት ጠሂራ አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ ትለኛለች። የሚወጣ ነገር የለም። ሰውነቴ የሌላ ሰው ሆኖ እጄ ብቻ ይሠራል፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

ሰዎች ቀበሌ ሄዳችሁ ፈርሙ፣ አዲሱ ሕግ የአባት ፈቃድ አይጠይቅም አሉን። እውነት ነው አይጠይቅም፤ እኔ ግን የሚድረኝ ወሊይ ሳይኖር ኒካህ አይሆንልኝም አልኩ። አባት ያለ በቂ ምክንያት ከከለከለ ቃዲው በአባት ቦታ ይቆማሉ ሲባል ሄድኩ። ቃዲው፣ አባትሽ የከለከለው ለዲኑ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ። ለጠባዩ ነው? አይደለም። ታዲያ ለምንድን ነው ሲሉኝ ለአጥንቱ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ፣ እንደ አባትሽ የሚሉ ዓሊሞች በኪታቡ አሉ፣ አልዋሽሽም፤ እኔ ግን ነገ ጌታዬ ፊት ስቆም ይህን ሰው በአያቱ ሙያ መለስኩት ብዬ አልመልስም አሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አባትሽ ማን ይባላሉ ብለው ሲጠይቁኝና ስምዎን እንደ ተከሳሽ ስጠራ ግን አልሰማሁሽም፣ ድገሚው አሉኝ።

አባት ሳለ አጊጥ ይባላል፤ እኔ አባት ሳለ በቃዲ ተዳርኩ። ኒካሁ ሙደሲር ቤት ሆነ። ከበሮ የለ፣ ዘፈን የለ። እልል ያሉት ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንን የማይለዩት ጎረቤታችን እትዬ በለጥሻቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውም የሚቀበላቸው ሲያጡ መሃል ላይ አቋርጠው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አጎቴ መጥቶ ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ጾም ነኝ አለ። ቀኑ የሱና ጾም የሚጾምበት ሐሙስ ስለሆነ የጠረጠረው የለም። ጠሂራ ግን ጠዋት ጭኮ ሲበላ አይታዋለች፤ እኔም ከፊቷ ገባኝ። የባለ እጅ ቤት እህል ከበደው። ሙደሲር የአጎቴን ድርሻ በሳህን አድርጎ፣ ለማፍጠሪያዎ ይሁን ብሎ አስያዘው። አጎቴም ይዞት ሄደ። ይብላው ይጣለው አልጠየቅሁም።

አባዬ፣ ጥፋት ሠራሁ ብዬ ስላላመንኩ ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም። እርስዎም ከአባትዎ የወረሱትን ነው ያሉት። እዚህ ሰው ነጻ ወጣሽ ይለኛል። ነጻነት እንዲህ ቀዝቃዛ መሆኑን አላውቅም ነበር። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ነሽ ቢሉኝም፣ አይደለሽም ቢሉኝም፣ በራስዎ ቃል ለቢላል ነግረው ያጽፉልኝ። በመንገደኛ አፍ አይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውሰድ። ቢላል፣ ስላነበብክልኝ አላህ ይስጥህ፣ ዘለህ ያለፍከው ካለ ተመለስና አንብበው። እህቴ ሀፍሷ ትምህርቷን እንዳትተው፤ ለትዳር መጠየቅ ከጀመሯት ንገሩኝ። ለእመት ቦሰናና ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በሉልኝ። አጎቴ ኑሪና ጠሂራ ሰላም ብለዋችኋል።

ሙደሲር ሰላም በይልኝ አላለም። ልጻፍልህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። የደረሰን ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው፣ ሰላምታ ልኬ አባትሽን በግድ አላናግራቸውም አለኝ። ስለዚህ የሱን አልጻፍኩትም። ሲጠይቁኝ እልከዋለሁ።

ልጅዎ አስያ

መሳለሚያ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.